ሥሩን ያጠቡት ዋንዛ

ስለ ዋንዞቻችን በአደባባይ ጥያቄ ሲጠየቅ፣ ከእኔ በቀር ሳይጠየቅ የቀረ ሰው የለም። የዘር ሊቁ ተናገረ። የመሬት ሊቁ ተናገረ። ሥር አጣቢው ምናሉ እንኳ፣ ዕድሜውን ሙሉ አንገቱን ከባልዲ አቅንቶ የማያውቅ ሰው፣ ጉሮሮውን ጠራርጎ ተናገረ። እኔ እጄን ባነሣ ወንበር አመጡልኝ። «እትዬ አንጓች፣ እርስዎ አይድከሙ፤ አረፍ ይበሉ» አሉኝ። በዚህ ከተማ አሮጊት ዝም እንድትል ሲፈለግ ወንበር ይሰጣታል። ተቀመጥኩ። የተቀመጠው ግን ጉልበቴ ነው እንጂ አፌ አይደለም።

ፊደል አልቆጠርኩም፤ ይኼን ለመናገር አላፍርም። ከቆጠሩት መካከል ዋንዛን ከግራዋ የማይለይ ስንት እንዳለ በዓይኔ አይቻለሁ። እኔ ስናገረው የሚጠራጠሩት ነገር በሊቅ አፍ ሲመጣ ይጨበጨብለታል። ስለዚህ የሆነውን ሁሉ እንደሆነው እናገራለሁ፤ የሚጽፈው ይጻፈው።

አገራችን የገደል አፋፍ ነበር። በየክረምቱ ገደሉ ከእኛ ይጎርሳል፤ አንድ ዓመት ማሳ፣ አንድ ዓመት ጎተራ። ጎረቤቴ ደብሪቱ አንድ ጠዋት ጎመን ልትቀነጥስ ወደ ጓሮዋ ብትወጣ ጓሮ የለም፤ ከደጃፏ ቀጥሎ ያለው ሰማይ ነው። ያን ጊዜ ከሥር ቤት ትእዛዝ መጣ፦ ወደ ሜዳው ውረዱ።

ሥር ቤት ማለት በእኛ አገር ማን ነዋሪ፣ ማን መንገደኛ እንደሆነ የሚቆርጠው መሥሪያ ቤት ነው። አለቃው የሥር ሹም ይባላሉ። ሕጋቸው አጭር ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ ካገሩ አንድ የዋንዛ ችግኝ ይዞ ይመጣል፤ በሚሰጠው ቦታ ይተክላል። ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ ሹሙ መጥተው ችግኙን በእጃቸው ይነቀንቁታል። ከጸና ቤተሰቡ ነዋሪ ነው። ካልጸና ጓዙን ጠቅልሎ ወደሚቀጥለው ሥፍራ ይሄዳል።

«የሚቀጥለው ሥፍራ የት ነው?» ብለን ጠየቅን።

«ከዚህ ቀጥሎ ያለው» አሉን።

በዚህ ምክንያት ሜዳው ላይ ጓዙን የሚፈታ ሰው አልነበረም። በር አይተከልም፤ ይደገፋል እንጂ። እንስራ ከነገመዱ ይቀመጣል። ሰው ጫማውን አድርጎ ይተኛል። ውሾቹ እንኳ የማንን ደጅ እንደሚጠብቁ ስላላወቁ ዝም ብለው ይዞራሉ፤ ሌባም ባለቤትም ሲመጣ እኩል ይጮኻሉ።

ወደ መጣንበት ቀን ልመለስ። በከተማዋ መግቢያ ከፍ ያለ መደብ ላይ አንድ ጎመን በሸክላ ተቀምጧል። የሚገባው ሁሉ ቆቡን እያወለቀ ያልፋል። ከመደቡ ሥር ምናሉ ከባልዲው ጋር ቁጢጥ ብሏል።

«እጅ ይንሱ፣ እትዬ» አለኝ።

«ለማን?»

«ለጎመኑ።»

«ምን አድርጎ?»

«ብቻውን የቆመ ነው። ሥሩን ገልብጠው ቢያዩት ንጹሕ ነው፤ አንዳች ጥገኛ የለበትም። የከተማችን ምሳሌ ነው።»

እኔ ጎመንን የማውቀው በድስት ነው። ሳቄ አመለጠኝ። ደብሪቱ ግን ከኋላዬ ጎንበስ ብላ መሬት ሳመች። ሴትየዋ ድሮም ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ ታውቃለች።

ምናሉ ችግኜን ተቀብሎ ሥሩን አየ። በሥሩ ላይ ከሸረሪት ድር የቀጠነ ነጭ ነገር ነበረበት። ዋንዛ ስነቅል ዘመኔን ሁሉ ያየሁት ነገር ነው፤ ምን እንደሆነ ግን ጠይቄ አላውቅም።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለ።

«ፀጉሩ ነዋ።»

«ፀጉር አይደለም። ጥገኛ ነው። ከዛፉ እየበላ ይኖራል።»

«ዛፉ ከሰሰ?»

ሥሩን በአመድና በውኃ እየፈተገ አጠበው፤ የሕፃን ልጅ ጭንቅላት እንደሚያጥብ ሰው ተጠንቅቆ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ይኼንን መመስከር አለብኝ። ከዚያ በነጠላዬ ጫፍ የቋጠርኩትን አፈር አየና ይፍቱት አለኝ። በእኛ አገር ዋንዛ ወደ ሌላ ቦታ ሲሄድ ከእናቱ ሥር አንድ እፍኝ አፈር አብሮት ይሄዳል። እናቴ እንዲህ አደረገች፤ የእሷም እናት። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «እንዳይናፍቅ» ነበር መልሷ። ሌላ ምክንያት አልነገረችኝም፤ እኔም ሌላ አልፈለግሁም።

«አፈር አይገባም፣ እትዬ» አለና በተነው።

ቦታ ሲደለደል ለጎመኑ የሰገዱት ጥቁሩን መሬት አገኙ። ጥቁሩ መሬት የድሮ ጌታ የከብት በረት ነበር፤ ከስንት ዘመን ፋንድያ የተነሣ በእግር ሲረግጡት ቅቤ ይመስላል። ደብሪቱ እዚያ ገባች። የሳቅነው ደግሞ ነጩን አገኘን። ነጩ መሬት አመድ ነው፤ ዝናብ ሲዘንብበት ጭቃ ለመሆን እንኳ ይሰንፋል። ከአጥሬ ቀጥሎ ያለው ቦታ ለልጄ ሚስት ለስንቅነሽ ደረሰ። ልጄ አድማሱ የከተማዋን ዙሪያ ሊያጥር ተወስዷል። ቤት ሳይኖር አጥር የሚቀድምባት ከተማ ናት።

ስለ ስንቅነሽ ትንሽ ልናገር። አድማሱ ለገበያ ወደ ሜዳው ወርዶ ነው ያመጣት። የዚሁ የሜዳ ልጅ ናት። ዘሯን ስጠይቃት «ከወንዙ ማዶ» አለችኝ። ወንዝ ማዶ ዘር ነው? እኔ እስከ ሰባት ቤት ስቆጥር አላንገራግርም። እሷ ከአባቷ አልፋ ስትሄድ ትሰናከላለች። ስለዚህ አልወደድኳትም፤ እሷም ታውቃለች።

በጥቁሩ መሬት የታጠቡት ችግኞች ሽቅብ ተወረወሩ። ሹሙ ሰውን ሰብስበው አሳዩ። «ተመልከቱ፤ ታጥቦ ብቻውን የቆመ ዛፍ ይኼን ያህል ያድጋል።» ወደ ነጩ መሬት ግን ማንንም አላመጡም። የእኛዎቹ በመጡበት ቁመት ቆመው ቀሩ። ቅጠላቸው ዱላ ያረፈበት ገላ መስሎ ጠቆረ። ስንቅነሽ ዘንድም እንደዚያው፤ ሁለቱ ችግኞች የአንድ እናት ልጆች ናቸውና በሕመምም አልተለያዩም።

ሕዝቡ ሲያጉረመርም ሁለቱ ሊቃውንት መጡ። የዘር ሊቁ የዛፍ ጠባይ ሁሉ ካያቶቹ ነው የሚል ሰው ነው። የመሬት ሊቁ ደግሞ ሁሉም ነገር ከቆመበት አፈር ነው ይላል። ለዚህ ክርክር ሲሉ ከአንድ ማዕድ አይበሉም። በእኔ ግቢ ጎን ለጎን ቆሙ።

«የዚህ ዋንዛ አያት ማን ነበረ?» አለኝ የመጀመሪያው።

«ትልቅ ዋንዛ።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ከዚያም የሚበልጥ ዋንዛ።»

ሁለተኛው በዚያን ጊዜ ተንበርክኮ አፈሩን በምላሱ ነካ፣ አጣጣመ፣ ተፋ። አንዱ ዋንዛውን ሳያይ አያቱን ይጠይቃል፤ ሌላው ዋንዛውን ሳያይ አፈሩን ይልሳል። ችግኙ መሐላቸው ቆሞ ይደርቃል።

መጀመሪያ የረታው የመሬት ሊቁ ነው። «ቦታ ይለወጥ» ተባለ። ጥቁሩን መሬት የሚለቅ ስለሌለ የነጩ መሬት ሰዎች እርስ በርሳችን ተለዋወጥን። እኔ ወደ ስንቅነሽ፣ ስንቅነሽ ወደ እኔ። በራችንን በራሳችን ተሸክመን፣ ችግኛችንን ታቅፈን፣ አጥሩ ክፍተት ላይ ተገናኘን።

«እንደምን አደሩ፣ እማዬ» አለች ከበሩ ሥር።

«እኔማ ምን እሆናለሁ፤ ከእንግዲህ የማድረው አንቺ ቤት ነው።»

ለውጥ ስላልታየ እንደገና ተለዋወጥን። ሁለት ጊዜ የተነቀለ ችግኝ እንዴት እንደሚሆን ሁለት ጊዜ የተፈታች ሴት ትንገራችሁ።

ከዚያ የዘር ሊቁ ተራ ሆነ። ነገሩን አጥብቄ መርምሬዋለሁ አለ። ዋንዛ በዘሩ ጥገኛ የሚያስጠጋ ነው፤ አያቶቹም እንደዚያው ነበሩ። ጎመን ግን በዘሩ ማንንም አያስጠጋም። እዚህ ድረስ እውነቱን ነው፤ ጎመን ነቅዬ አውቃለሁ፣ ሥሩ ላይ ያ ድር የለም። መፍትሔው ግን ሌላ ሆነ። ዋንዞቹ ለጎመኑ የጡት ልጅ ይሁኑ ተባለ። እንደ ወጉ ማር መጣ። የጎመኑ ቅጠል በማር ተነክሮ የእያንዳንዱ ችግኝ ግንድ ተቀባ፤ ሰው «ልጅ ሁናት፣ እናት ሁኚው» እያለ እልል አለ። ካሁን በኋላ እነዚህ ዋንዞች በሕግ ጎመን ናቸው ተባልን። በማግስቱ ማሩን የሸተተ ጉንዳን መጥቶ የስንቱን ልጥ ግጦ ሄደ። «ድር ቢያብር» የሚለው ተረትም በዚያው ሰሞን ተከለከለ፤ ችግኞቹ ሰምተው የድሮ ጠባያቸው እንዳይነሣባቸው።

ነሐሴ ገባ። መስከረም ቀርቧል። የእኔ ችግኝ ከጸና እዚህ እቀራለሁ፤ ካልጸና ደግሞ በዚህ ጉልበቴ ወደሚቀጥለው ሥፍራ። እዚያ ሳልደርስ መንገድ ላይ እንደምቀር አውቃለሁ፤ ሰውም ያውቃል። ስለዚህ ሰላምታቸው ረዘመ።

አንድ ቀን ስንቅነሽ በአጥሩ በኩል ብቅ አለች። «እማዬ፣ ወንዙ ዳር አንድ አሮጌ ዋንዛ አለ። ከሥሩ አፈር ባመጣ ይሻላል መሰለኝ።»

«የማን ዋንዛ ነው?»

«የማንም አይደለም። ከድሮ ጀምሮ ያለ ነው።»

«ዘሩ የማይታወቅ ዛፍ አፈር በችግኜ ላይ አላፈስም። አፈር ካስፈለገ የእናቱ አለ።»

«የእናቱ ሩቅ ነው፣ እማዬ። ደግሞ እዚያ ደጋ ነው፤ ጉሙ አይገፈፍም። እዚህ ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥር ፀሐዩ ድንጋይ ይሰነጥቃል። አዲስ ቤት የገባ ሰው እሳት የሚጭረው ከማን ነው? ከቅርብ ጎረቤት አይደል? ከሩቅ ዘመድ ቤት ፍም ይዞ ቢነሣ መንገድ ላይ አመድ ይሆንበታል።»

«እሳትም ቢሆን ከማን ቤት እንደሚጫር ይታያል!»

«ለዚህ አይደል ዋንዛ የፈለግሁት? ከግራር ሥር ልዛቅ አላልኩም።»

ምላሷ እንደሚሠራ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ግን አልሰማኋትም። ጠዋት ተነሥቼ ወደ ገደሉ ወጣሁ። እንዴት እንደወጣሁ አትጠይቁኝ፤ አንዳንዱን ቦታ በእጄ ነው የሄድኩት። የእናቴ ዋንዛ አፋፉ ላይ ዘሟል፤ የሥሩ እኩሌታ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ነጩ ድር በነፋስ ይውለበለባል። ከቀረው ሥር ዛቅሁ። በበሩ እንዳይበትኑብኝ በሻሼ ውስጥ አሰርኩት።

ምናሉ በሩ ላይ ትኩር ብሎ አየኝ። «እትዬ፣ ላብዎ ጠቁሯል።»

«እርጅና ነው።»

«ከላብዎ ውስጥ ትል ወጣ።»

«እሱም እርጅና ነው። አንተም ትደርስበታለህ።»

አሳለፈኝ። ለምን እንዳሳለፈኝ አልነገረኝም።

አፈሩን ለችግኜ አለበስኩት። አንድ ቅጠል አወጣ። ሰፈሩን ጠርቼ አሳየሁ፤ ስንቅነሽን በተለይ አስጠርቼ። ከዚያ ዝናቡ ጋብ አለና ፀሐይ መጣች። ያ የደጋ አፈር ደረቀ፣ ተሰነጠቀ፣ ቅጠሉም ተጠቅልሎ ወደቀ። ከአጥሩ ማዶ ደግሞ የስንቅነሽ ችግኝ የወንዝ ዳሩን አፈር ለብሶ ቀን በቀን ይሰፋል። ቅጠሉ ሰፌድ አከለ። በየጠዋቱ ጀርባዬን እየሰጠሁት እወጣ ነበር።

ወሬው ከተማውን ሞላ። ሥር ቤትም ሰማና አፈር እንደሚረዳ አመነ፤ ስለዚህ ከጎመኑ ሥር እየተዛቀ ለሕዝቡ ታደለ። ምንም አልበቀለም። ጎመን ከማንም ጋር ኖሮ ስለማያውቅ ለማንም የሚያውሰው የለውም። ደብሪቱ ብልጥ ናትና ጎመኑን ትታ ከስንቅነሽ እፍኝ ለመነች። በጥቁሩ መሬቷ ላይ አፈሰሰችው፤ ቆይታ ብትቆፍር ድሩ የለም። ዛፏ አልተቀበለውም። በልቶ ያደረ ዛፍ ጎረቤት አይጠራም፤ ያው ዋንዛ፣ ያው ዘር፣ ግን ጠግቧል። ይኼን ስታወራልኝ የዘር ሊቁ አጠገባችን ቆሞ ነበር፤ ወሬው ስላልተስማማው ሰማዩን ያይ ጀመር።

ስንቅነሽ እንደገና መጣች፤ በቁና አፈር ይዛ። አጥሩ ላይ አስቀመጠችው። አላነሣሁትም። እሷም አልመለሰችውም። በመሐል ዝናብ መጥቶ አጠበው። እኔ ጓዜን ማጠባበቅ ጀመርኩ።

ታዲያ አንድ ጠዋት ገመድ ፍለጋ ጎንበስ ብል ከደረቀው ችግኜ ጎን አረንጓዴ ነገር ብቅ ብሏል። በጣቴ ጫር ጫር አደረግሁ። ድሩ አለ። ከየት መጣ ብዬ ተከተልኩት። ከአጥሩ ሥር ነው የመጣው፤ ከእሷ ወገን፤ ሳልጋብዘው፣ እንደ ዘመድ ሰተት ብሎ ገብቶ ከሥሬ ላይ ተጠምጥሟል። ደሜ ፈላ። ማጭድ አምጥቼ ቁጢጥ አልኩ።

ስንቅነሽ ከአጥሩ ማዶ ቆማ ታየኛለች። «ይቁረጡት፣ እማዬ። ግቢው የእርስዎ ነው።»

እጄ ላይ ማጭድ አለ። ያቺ አረንጓዴ ነገር እንደ ጫጩት ምላስ ትንቀጠቀጣለች።

«ማን ይቆረጣል አለሽ?» አልኳት። «አፈር እያለበስኩት ነው፤ ፀሐይ እንዳይመታው።»

አልሳቀችም። ስቃ ቢሆን ኖሮ እቆርጠው ነበር።

መስከረም ጠባ። ሹሙ መጡ። የእሷን ነቀነቁ፤ ጸና። የእኔን ነቀነቁ፤ ትንሽ ነው፣ ግን ጸና። ሰው እልል ሊል ሲል ምናሉ፣ ሥራው ነውና፣ አፈሩን ገለጥ አድርጎ «ጌታዬ፣ ተያይዘዋል» አለ። ሹሙ ጎንበስ ብለው አዩ። «ዛፉ ቆሟል» አሉ፤ «ብቻውን ግን አልቆመም።»

መጀመሪያ ያልኳችሁ የአደባባይ ጥያቄ የተጠየቀው በዚህ ምክንያት ነው። የዘር ሊቁ «ሁለቱ ዋንዞች የአንድ እናት ልጆች ስለሆኑ መያያዛቸው ይፈቀድ» አለ። የመሬት ሊቁ «ሁለቱም የቆሙት በአንድ ደሃ መሬት ላይ ስለሆነ ይፈቀድ» አለ። ሁለቱም ይፈቀድ ነው ያሉት። ነገር ግን በምክንያቱ ስላልተስማሙ ሹሙ ለመፍቀድ አልቻሉም። ፍርዱ እንዲህ ሆነ፦ ነገ ጠዋት በሁለቱ ግቢ መካከል ጥልቅ ቦይ ይቆፈር፤ ድሩ ይቆረጥ፤ ከዚያ ችግኞቹ እንደገና ይነቀነቁ፤ የወደቀበት ይሂድ። የትኛው እንደሚወድቅ የማያውቅ የለም። የእሷ ግንድ አውጥቷል። የእኔ ገና ጡት ላይ ነው።

ስንቅነሽ «እርስዎ ከሄዱ እኔም እሄዳለሁ» አለችኝ።

«ማን ጠራሽ?» አልኳት። ግን ጓዟን አየሁት፤ ታስሯል።

የሥር ሹም ሆይ፣ እስከ ዛሬ አንቱ ስል ከርሜያለሁ። አሁን ግን አንተ እልሃለሁ፤ በዕድሜህ ልጄ ነህና። ነገ ምናሉን አትላክብኝ፤ ዶማም አታስይዝ። አንተ ራስህ ና። ካባህን አጥሩ ላይ ስቀል፣ ጫማህን አውልቅ፣ እንደ እኔ ተንበርከክ። በጣትህ ቆፍር፣ ቀስ ብለህ፣ ከእኔ በኩል ጀምረህ። ድሩን ስታገኝ አንዲቱን ክር ያዝና ተከተላት። የእኔ የሚያልቅበትን፣ የስንቅነሽ የሚጀምርበትን ቦታ ፈልግና ጣትህን አሳርፍበት፤ «እዚህ ላይ ነው» በለኝ። ካሳየኸኝ ማጭዱን ራሴ አቀብልሃለሁ፤ ማንም ሳይገፋኝ መንገዴን እሄዳለሁ። ካላገኘኸው ግን ያን አፈር በእጅህ መልሰህ አልብሰው፣ ተነሥተህ በሰው ፊት ሁለታችንንም ነዋሪ ብለህ ጥራን። ስትጠራም የእሷን ስም አስቀድም፤ አፈሩን ያመጣችው እሷ ናት።